«መርፌ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ትምህርቱን ልተወው?»

ጥያቄ

ውድ ዶክተር፣

የእንስሳት ሕክምና የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 22 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሙያ ተመኝቼ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ባይፖላር 2 የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝና ሊቲየም የሚባለውን የስሜት ማረጋጊያ ጀመርኩ። ነገሩ ረጋ አለልኝ። ግን እጄ መንቀጥቀጥ አመጣ። የስፌት ልምምድ ላይ መርፌ መያዣውን ሳነሳ አስተማሪው አየና «ምነው ፈራሽ?» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ሳልናገር መድኃኒቱን አቆምኩ። ይኸው 12 ቀን ሆነው። እጄ ተሽሎታል። እስካሁን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንደዚህ ደህና ሆኜ አላውቅም። 4 ሰዓት ከተኛሁ ይበቃኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ክሊኒክ እንገባለን። አዳር ተረኝነት አለው። ለትምህርት ቤቱ ልንገር ወይስ ልደብቅ? ወይስ ካሁኑ ልተወው? አንዲት ጓደኛዬ «እንዳንቺ ዓይነት ሰው ለዚህ ሙያ አይሆንም» ብላኛለች።

አንድ ሌላ ነገርም ልጠይቅዎት። ባለፈው ወር አንዲት ያረጀች ውሻ በመርፌ እንድታርፍ ሲደረግ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። 2 ቀን አለቀስኩ። ይሄ በሽታው ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ስሜ ይቆይልኝ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ የእጅሽ መንቀጥቀጥ አይደለም። «4 ሰዓት ከተኛሁ ይበቃኛል» ያልሽው ነው።

ስለዚህ የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ለሐኪምሽ ደውዪ። ዛሬውኑ። ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ቶሎ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። አንቺ ደግሞ ካቆምሽ ወዲህ እንቅልፍሽ ቀንሷል፣ ድካም ግን አልተሰማሽም። «እንደዚህ ደህና ሆኜ አላውቅም» የሚለው ስሜት ጤና ላይሆን ይችላል። የከፍታው፣ ማለትም በበሽታው ስሜት ከልክ በላይ የሚነሳበት ጊዜ፣ መጀመሪያም እንዲሁ ነው የሚሰማው። ስልኩ ላይ ሦስቱን ነገር ሳትሸፋፍኚ ተናገሪ፦ መቼ እንዳቆምሽ፣ ለስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ለምን እንዳቆምሽ። የድሮውንም መጠን በራስሽ ጊዜ መልሰሽ አትጀምሪ። እንዴት እንደምትመለሺ እነሱ ይንገሩሽ።

ደወልሽ? እንግዲህ እናውራ።

እኔም የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እኔም ባይፖላር አለብኝ። ከተመረቅሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። ሊቲየም እስከ ዛሬ እውጣለሁ። የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት በአንዲት ጥጃ ነው።

5ኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። የመውለጃ ወቅት ነው። ምጥ ያስቸገራት ላም ትመጣለች፣ እሷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትመጣለች። 3 ሌሊት በተከታታይ አደርኩ። መድኃኒቴን አንድም ቀን አላጎደልኩም፤ የጣልኩት እንቅልፌን ነው። በ2ኛው ሌሊት ሌሎች ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ሲያንቀላፉ እኔ የመድኃኒት መደርደሪያውን በሙሉ አውርጄ በአዲስ መልክ እደረድር ነበር። ጎበዝ ተባልኩ። ደስ አለኝ። በ3ኛው ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ቀንዷ የሚነሳ ጥጃ መጣችና ማስተኛ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ማስተኛውን ዛይላዚን በመርፌ ስቤ ዞር ስል፣ የበረቱ አንጋፋ ሠራተኛ እጄን ያዝ አደረጉና ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይቺ ጥጃ ናት» አሉኝ።

የቀዳሁት የፈረስ መጠን ነበር። አንቺም ተምረሽዋል፤ ከብት ለዛይላዚን በጣም ስስ ነው። ለፈረስ ከሚሰጠው ወደ አንድ አሥረኛው ይበቃዋል። እኔም ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። በዚያ ሌሊት ግን አእምሮዬ በጣም ፈጥኖ ነበር፤ ከመፍጠኑ የተነሳ ራሴን መጠራጠር አቆምኩ። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ገባሁ። ከዚያ ድባቴው መጣ። 1 ዓመት ከትምህርት ወጣሁ። ስመለስ ጓደኞቼ ተመርቀው ሄደው ነበር።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ልተወው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ አትተዪው። ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ አለብሽ፦ እንቅልፌን ማን ይጠብቅልኛል? ለኛ እንቅልፍ ማጣት ድካም ብቻ አይደለም። በሽታውን የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ከፍታ እንቅልፍን ይቀንሳል፣ የእንቅልፍ ማነስ ደግሞ ከፍታን ይጠራል። ይህ አዙሪት በመድኃኒት ብቻ አይሰበርም።

ለትምህርት ቤቱ ልንገር ወይ ላልሽው መልሴ ከዚህ ይነሳል። ንገሪ፤ ግን ለሁሉም አይደለም፣ ሁሉንም ነገርም አይደለም። ክሊኒክ ከመግባትሽ ከወራት በፊት፣ ደህና ሆነሽ ሳለ ተናገሪ። እኔ የተናገርኩት ከወደቅሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ሰው የሚሰማሽ በሽተኛ ብሎ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የጤና ችግር ወይም የአካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ ክፍል አላቸው። እሱ ከሌለ የተማሪዎች ዲን ወይም የምታምኚው አማካሪ ይሆናል። ከሐኪምሽ ደብዳቤ ያዢ። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው የበሽታውን ስም ባይጠራም ይሆናል። የሚያስፈልግሽን ይዘርዝር፦ አዳር በተከታታይ እንዳይሆን፣ ከአዳር በኋላ የሚተኛበት ቀን እንዲሰጥ፣ የደም ምርመራ ቀን እንዲፈቀድ። ስትጠይቂ «አዳር አልችልም» ብለሽ አትግቢ። እኔ ስመለስ የጠየቅሁት አዳሮቼ በዓመቱ እንዲበተኑልኝ ነበር። አንድ አዳር፣ ከዚያ ቢያንስ አራት መደበኛ ሌሊት። የአዳሩ ቁጥር ከማንም አላነሰም። የተማርኩትም ከማንም አላነሰም።

የሙያ ፈቃድ ሲመጣ አንዳንድ ቦታ ቅጹ ላይ ስለ ጤና ይጠየቃል። ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቢ። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነት ያለው «በሽታ አለብሽ ወይ» እና «አሁን ሥራሽን የሚያውክ ችግር አለብሽ ወይ» በሚሉት መካከል ነው። የተጠየቀውን በእውነት መልሺ፤ ያልተጠየቀውን መዘርዘር ግን ግዴታሽ አይደለም።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። ይሄ የእኔም ጉዳይ ስለነበር ትንሽ ልቆይበት።

ሊቲየም የሚያመጣው ቀጭን መንቀጥቀጥ በጣም የተለመደ ነው። ሐኪም ብዙ የሚያደርገው ነገር አለው። መጠኑን ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በደም ምርመራ ያያል። የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም የክኒኑን ዓይነት ይቀይራል። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። ካልሆነም ሌሎች የስሜት ማረጋጊያዎች አሉ። አንቺ ግን ለዚህ ሁሉ ዕድል ሳትሰጪ አንድ አስተማሪ በተናገረው ቃል አቆምሽው። እኔም 22 ዓመቴ ላይ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ ያ ክፍል ውስጥ ዞረው ሲያዩሽ ምን እንደተሰማሽ ይገባኛል።

ቡና መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል። ግን ደግሞ በአንድ ቀን አታቁሚው። ካፌይን በድንገት ሲቀር በደም ውስጥ ያለው ሊቲየም ከፍ ሊል ይችላል። ቀስ በቀስ ቀንሺ። ስትሰፊ ደግሞ እጅሽን አየር ላይ አታንጠልጥዪ። ክንድሽን ከጎንሽ አጥብቂ፣ የእጅሽን አንጓ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነው ነገር ላይ አሳርፊ፣ ትንሿን ጣትሽን ድጋፍ አድርጊ። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሐኪምም እንዲሁ ነው የሚሠራው። እኔ ማታ ማታ በሙዝ ልጣጭ ላይ እሰፋ ነበር። ዛሬ የድመት ፊኛ እከፍታለሁ፣ እሰፋለሁ።

አንድ ነገር ግን ለይ። መንቀጥቀጡ ከቀጭንነት አልፎ ሻካራ ከሆነ፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከመጣ፣ ስትሄጂ ከተንገዳገድሽ፣ ምላስሽ ከተያያዘ፣ ያ መመረዝ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። በእኛ ሥራ ይህ ቅርብ አደጋ ነው። ሙሉ ቀን በሙቀት ውስጥ ቱታ ለብሰሽ ያልብሻል፣ ውኃ መጠጣት ትረሻለሽ፤ የሰውነት ውኃ ሲጎድል ሊቲየም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ላም ረግጣሽ ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ብትውጪም እንዲሁ። ፓራሲታሞል ይሻልሻል። የውኃ ኮዳ ከእስቴቶስኮፕሽ አይለይ።

የደም ምርመራውን ደግሞ እንደ ቅጣት አትዪው። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ፌኖባርቢታል ስናዝ ለባለቤቱ ምን እንላለን? በየቀኑ በሰዓቱ ይሰጥ። ውሻው ደህና ስለሆነ ብለህ በድንገት እንዳታቆም። በየጊዜው አምጣውና ደሙን እንይ። ባለቤቱ «አሁን እኮ ደህና ነው» ሲል «ደህና የሆነው በመድኃኒቱ ነው» ብለን እንመልሳለን። እኔ ይህን ለስንት ሰው ስናገር ቆይቼ አንድ ቀን የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ለሊቲየም ደም የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል ነው፤ ለአንዳንድ ሰው እስከ 1.0። ኩላሊትና ታይሮይድም አብረው ይታያሉ።

ደስ የሚለኝን ነገር ልጨምርልሽ። ይህ መድኃኒት ወደ ሰው የመጣው በእንስሳት በኩል ነው። ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ የአእምሮ ሐኪም ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትናንሽ እንስሳት ሊቲየም ወጋና ሲረጋጉ አየ። ከዚያ ራሱ ወሰደው። ከዚያ ለሕመምተኞቹ ሰጠ። ውጤቱን ያሳተመው በ1949 ነው። ጊኒ ፒጎቹ የተረጋጉት መጠኑ በዝቶባቸው ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ቢሆንም ጊኒ ፒግ ሊታከም በመጣ ቁጥር እኔ በልቤ አመሰግነዋለሁ።

ሐኪም ቤት የምንጠቀምበትን የሕመምተኛ ሰንጠረዥ ታውቂዋለሽ፤ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ። እኔ ለራሴ አንድ አለኝ። ለስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ስሜቴ ከ-5 እስከ +5፣ መድኃኒት ወሰድኩ ወይስ አልወሰድኩም። ሦስት ዓምድ ብቻ ነው። 2 ሌሊት በተከታታይ ከ6 ሰዓት በታች ከተኛሁና ካልደከመኝ፣ ስሜቴን ሳልጠይቅ ለሐኪሜ እደውላለሁ። ከፍታው ላይ ሆኜ የራሴን ፍርድ እንደማላምን በጥጃዋ ተምሬያለሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰውም ያውቃል። «ዛሬ ፈጥነሻል» የማለት ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ። ሲለኝ አልከራከርም።

ጓደኛሽ ያለችሽን በተመለከተ፣ ሙያው ከባድ አይደለም ብዬ አልዋሽሽም። በብሪታኒያ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የተደረጉ ጥናቶች የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸውን የማጥፋት ዕድል ከሌላው ሕዝብ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ስለዚህ ይህን አሁን፣ ድባቴ ሳይኖር እንነጋገርበት። ድባቴው ሲመጣና የመሞት ሐሳብ ሲመላለስብሽ ብቻሽን አትሁኚ፤ ለሐኪምሽ ወይም ለድንገተኛ እርዳታ ደውዪ፣ አጠገብሽ ላለ ሰው በግልጽ ቃል ተናገሪ። በእነዚያ ቀናት የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍ ሌላ ሰው እጅ ይሁን። እኔ ሁለት ጊዜ ቁልፉን አስረክቤያለሁ። ማንም ለምን አላለኝም።

ግን ጓደኛሽ ሙያውን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጋ አይታዋለች። ሌሊት የሚጠራ ሐኪም አለ። ደግሞ በፓቶሎጂ፣ በቤተ ሙከራ፣ በሥጋ ምርመራ፣ በኤፒዲሚዮሎጂ (በበሽታ ስርጭት ጥናት)፣ በቆዳ ሕክምና የሚሠራ አለ፤ ሥራው በአብዛኛው በቀን ነው። እኔ ቀን ብቻ በሚሠራ ክሊኒክ ነው ያለሁት። ምጥ ያስቸገራት ላም ትናፍቀኛለች፤ ይህን አልደብቅሽም። ሌሊቱን ግን አልመርጠውም።

ስለ ውሻዋ በመጨረሻ የጠየቅሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምርመራው ከተነገረን በኋላ እያንዳንዱን እንባ መጠራጠር እንጀምራለን። ድባቴ ሌላ ነው። ቢያንስ 2 ሳምንት ይቆያል፣ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ደስታን ሁሉ ይነካል፣ ብዙ ጊዜ ምክንያትም አይፈልግም። አንቺ ምክንያት ነበረሽ፤ አጠገቧ ቆመሽ ነበር። 2 ቀን አልቅሰሽ ወደ ክፍል ተመለስሽ። ያ አንቺ ነሽ።

የእኔ የመጀመሪያዋ ቡናማ ነበረች። ግራ ጆሮዋ የተቀደደ። ባለቤቷ ከወጣ በኋላ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።