መልስ፦ የአርባ ልጆች ባንድ መሪ የትኛው ናልባንዲያን ነው?

የባንዱ መሪ ናልባንዲያን መቼ እንደሞቱ ስትፈልግ ያምታታህ ሁለት ሰው እንደ አንድ መቆጠሩ ነው። የአርባ ልጆች (ራስ ተፈሪ ያስመጧቸው አርባ አርመናዊ ወላጅ አልባ ልጆች) ማርሽ ባንድ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። አንተ ያገኘኸው «በ1977 እ.ኤ.አ. ሞቱ» የሚለው ደግሞ የነርሲስ ናልባንዲያን ነው። ኬቮርክ ለነርሲስ አጎት ናቸው።

ኬቮርክ ከአርባዎቹ ወላጅ አልባ ልጆች አንዱ አልነበሩም። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ራስ ተፈሪ ልጆቹን ኢየሩሳሌም፣ አርመን ገዳም አይተው ወደ አዲስ አበባ ሲያስመጧቸው፣ እሳቸው አስተማሪና መሪ ሆነው ነው የመጡት። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የቀድሞ ብሔራዊ መዝሙር ዜማም የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

ነርሲስም እንደ አጎታቸው የሙዚቃ መምህር ነበሩ። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር) ሙዚቃ አቀናብረዋል፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። እንግዲህ በጽሑፍህ «መምህር ናልባንዲያን» ብቻ ካልክ አንባቢም ይሳሳታል። ሁሌም ሙሉ ስም ጻፍ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ዘመኑን ከእ.ኤ.አ. ወደ ዓ.ም. ስትቀይር በጭፍን 7 አትቀንስ። እኔ ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡበትን ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 እንዲያ ቀንሼ 1917 ብዬ ጻፍኩና አፈርኩ። ቀኑ ጳጉሜን 1 ነው፤ አዲሱ ዓመት ገና አልገባም። ትክክሉ 1916 ዓ.ም. ነው።