ፓፊንን ለማየት ነሐሴ ይዘገያል

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ የምኖር መምህር ነኝ። በነሐሴ የትምህርት ዕረፍት ኤድንብራ ወደምትኖረው እህቴ ስሄድ፣ ፓፊን የተባለውን ባለ ደማቅ ምንቃር የባሕር ወፍ ማየት እመኛለሁ። የት አገኘዋለሁ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ቢቻል ጉዞዎን ወደ ሰኔ እንዲያመጡት አጥብቀን እንመክራለን። ፓፊን ወደ የብስ የሚወጣው ለመራባት ብቻ በመሆኑ፣ በስኮትላንድ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ቆይቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይመለሳል፤ በሰኔ ግን ወላጆቹ ትናንሽ ዓሣዎችን በምንቃራቸው ደርድረው ለጫጩታቸው ሲያመላልሱ ይታያሉ። ለእህትዎ ቅርብ የሆነው ሜይ ደሴት ሲሆን፣ ከአንስትራዘር ወደብ በጀልባ ይደረሳል። ማዕበል ጉዞውን ሊያሰርዝ ስለሚችል ትርፍ ቀን ይያዙ። ወፉ አንዲት እንቁላሉን የሚጥለው በመሬት ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ስለሆነ፣ ከተሠራው መንገድ ፈጽሞ አይውጡ፤ የአንድ ሰው እርምጃ ጎጆውን ሊደረምሰው ይችላል።

የፈተና ወቅት ሆኖ ሰኔ ካልተመቸዎት፣ የአይስላንድ ቬስትማን ደሴቶች እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ተስፋ አላቸው። በዚያ የከተማው መብራት አሳስቷቸው መንገድ ላይ የሚወድቁትን ጫጩቶች ልጆች በሌሊት በካርቶን እየሰበሰቡ፣ ሲነጋ ወደ ባሕር ይለቋቸዋል፤ ለእኛ ከወፉ ይልቅ ይህ ልማድ ያስደንቀናል።