የፒካፑ መሪ ለምን ይጫወታል?

ጥያቄ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ አለኝ። ኮረኮንች ላይ ከፊት ይንኳኳል፣ መሪውም ይዋልላል። ጋራዥ «ቴስቲናውን (ኳስ መሳይ ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያውን) በሙሉ ቀይር» አሉኝ። ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ይመርምሩ። ክሪኩን ከታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ከሚያያይዘው የታች ክንድ) ስር አስገብተው ጎማውን ከመሬት ያንሱ። ስፕሪንጉ ያረፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ቴስቲናው ከጭነት ነፃ ይሆናል። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ከተጫወተ (ልቅ ሆኖ ከተንቀሳቀሰ) የመሪውን ቴስቲና ይጠርጥሩ። ላይና ታች ይዘው ከተጫወተ ደግሞ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው፣ ካልጠፋ የአርሙ ቴስቲና ነው። የታችኛው አርም ቴስቲና ከሆነ መኪናውን በፍጹም አይንዱት! ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ከወጣ ጎማው ይተኛል።

የመሪውን ቴስቲና ሲፈቱ ዙሩን ይቁጠሩ፤ አዲሱን በዚያው ልክ ያስገቡ። ቴስቲናውን የሚያስረው ዳዶ ክፍተት ከመቆለፊያ ሽቦው ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ በጥቂቱ ያጥብቁ እንጂ አያላሉ።

የአርም ጎሚኒ (አርሙ የሚታሰርበት ላስቲክ) ከቀየሩ ቡሎኑን የሚያጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ስለሚሠራ ቶሎ ይቀደዳል። አዲስ ዕቃ በአጭር ጊዜ የሚበላሸው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ያሠሩ፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ጎን ያልቃል።