ዲናሞ አውልቄ አልተርኔተር ባስገጥም ባትሪው አልሞላ አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ባሌ ሮቤ አካባቢ ነኝ፣ ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለኝ። ባትሪ የሚሞላው የድሮው ዲናሞ ሲያስቸግረኝ አውልቄ ያገለገለ የመኪና አልተርኔተር አስገጠምኩ። ሰራተኛው ወፍራሙን ሽቦ ባትሪው ላይ አሰረና የቻርጅ መብራቷን "እሷ ምን ታደርግልሃለች" ብሎ ተዋት። አሁን ስሰራ ውዬ አጥፍቼ ላስነሳ ስል ሞተሪኖው (ማስነሻው) አያዞርም፣ አንዳንዴ ነዳጅ በደንብ ስሰጠው ግን የሚሞላ ይመስለኛል። አልተርኔተሩን ልቀይረው?

መልስ፦ ወንድሜ ቆይ አትቀይረው፣ ጉዱ ያለው እዛች የተተወችው መብራት ላይ ነው። የአልተርኔተሩ ሮተር፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ማለት ነው፣ ማግኔት የሚሆነው መጀመሪያ ትንሽ ከረንት ከባትሪ ሲያገኝ ነው፣ ያ ከረንት ደግሞ የሚመጣው በአምፖሏ በኩል ነው፣ እሷ ከሌለች ሮተሩ በቀረችው ትንሽ ማግኔት ብቻ ስለሚነሳ ሞተሩ ካልጮኸ አይነቃም፣ አንተም ያየኸው እሱን ነው።

ሽቦውን እንዲህ ዘርጋ፦ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ከረንት ከሚያገኘው የቁልፉ እግር ወደ አምፖሉ፣ ከአምፖሉ አልተርኔተሩ ላይ ዲ ፕላስ ወደተባለው ቀጭን እግር፣ አንዳንዱ ላይ ኤል ይላል። በቀጥታ ከባትሪ እንዳትወስደው፣ ሲበራ ያድራል። አምፖሉ 12 ቮልት ሆኖ 2 ወይ 3 ዋት ይሁን፣ ኤልኢዲ አታድርግ፣ የሚያሳልፈው ከረንት ትንሽ ስለሆነ አይቀሰቅሰውም። የድሮው ሬጉሌተርም (ቮልት መቆጣጠሪያው) ከመስመሩ ይውጣ፣ አልተርኔተሩ የራሱ አለው። በዲናሞ ዘመን የባትሪው ፖዘቲቭ ማሳ ላይ፣ ማለትም ብረት አካሉ ላይ፣ የታሰረ ትራክተር ነበር፣ አልተርኔተር ግን ማሳው ኔጌቲቭ ነው፣ ያንተ እስካሁን ካልጨሰ ደህና ነው ማለት ነው ግን እየው።

ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት፣ መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች ቀጭኑን ሽቦ ከአልተርኔተሩ ነቅለህ ጫፉን ሞተሩ ብረት ላይ ንካው፣ ያኔ ከበራች ሽቦህም አምፖልህም ጤነኛ ነው። ከዛ መልሰህ አስነሳ። ሲሞላ በሁለቱም ጎኗ ያለው ቮልት እኩል ስለሚሆን ትጠፋለች፣ ባትሪው ላይ በቴስተር 14 ቮልት አካባቢ ታያለህ። "ይሞላ እንደሆነ ልየው" ብለህ ግን ሞተሩ እየሰራ የባትሪ ገመድ እንዳትነቅል፣ ይሄ ልማድ አልተርኔተር ውስጥ ያለውን፣ ከረንቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ስንት ዳዮድ አቃጥሏል!

ሞተሩ ተነስቶም ካልጠፋች መጀመሪያ ቺንጋው እንዳልላላ እይ፣ እሱ ደህና ከሆነ ያኔ አልተርኔተሩን አስፈታና ለሮተሩ ከረንት የሚያደርሰውን ካርቦን አሳይ።