ከፊልሙ ሁሉ አምባሩ ብቻ ለምን ቀረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር መርካቶ አካባቢ በነበረ ሲኒማ ቤት «ማዘር ኢንዲያ»ን አይቻለሁ። ሁለታችንም ሂንዲ አንሰማም፤ እናቴ ደግሞ ማንበብም አትችልም ነበር። ታሪኩ አሁን ጠፍቶብኛል። እናቲቱ በልጇ ላይ ጠመንጃ ስታነሣና በልጁ እጅ ያለው አምባር በደም ተነክሮ ሲታይ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሦስት ሰዓት ከሚጠጋ ፊልም ይህ ብቻ ለምን ቀረ? (ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መምህር፣ ያ አምባር ዓይንዎ ላይ የቀረው ዳይሬክተሩ መህቡብ ካን ብዙ ስለደከመበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው በዚህ ፊልም ውስጥ አምባሩ መጨረሻ ላይ ድንገት የመጣ ነገር አይደለም። ገና ሲጀመር የሙሽራዋ የራዳ ጌጥ ነበር። የሠርጓ ወጪ የተሸፈነው ከአራጣ አበዳሪው ከሱኪላላ በተወሰደ ብድር ነው። ወለዱ አዝመራውን እየበላ፣ ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ አምባሩም በአበዳሪው እጅ ይገባል። ትንሹ ልጇ ቢርጁ ይህን ሁሉ ያያል። ምንም ዓይነት ንግግር አይደረግለትም፤ የእናቱን ባዶ እጅ ያያል፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ስንቱን ያሳልፈናል! ጎርፍ፣ ረኃብ፣ ሁለት እጆቹን አጥቶ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ባል፣ በሬ በሌለበት ሞፈሩን በትከሻዋ የምትጎትት እናት። ቢርጁ አድጎ ሽፍታ ይሆንና አበዳሪውን ገድሎ አምባሩን ያስመልሳል። የአበዳሪውን ሴት ልጅም በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሊያመልጥ ሲል እናቱ መንገድ ላይ ትቆማለች። ተኩሱ ሲሰማ እርስዎና እናትዎ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር አያችሁ፦ የሙሽሪትን ወጣትነት፣ የሕፃኑን ቂምና የዕዳውን ርዝመት። ሦስቱም በዚያ አምባር ላይ ነበሩ። ቋንቋ ማወቅ አላስፈለገም። ጭሰኛው ካመረተው ላይ ለባለርስቱ እየገበረ በሚኖርበት በዚያ ዘመን፣ የእህሉ ክምር ፊት ቆሞ ሲከፋፈል የሚያይ ገበሬ ምን እንደሚሰማው ለእናትዎ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር? እናትዎ ፊልሙን የተረዱት ሂንዲ ከሚሰማው ሰው ባልተናነሰ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ናርጊስ ያቺን ሽበታም እናት ሆና ስትተውን ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጇን ሆኖ የተወነው ሱኒል ደት እኩያዋ ነው፤ በማግሥቱ ዓመትም ተጋብተዋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። በዚያ ትዕይንት ግን እናትና ልጅ ከመሆን በቀር ሌላ ነገር ማየት አልቻልሁም።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር «ጤዛ»ን አይተን ተከራከርን። እኔ ልጆቹ ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተደበቁበትን አልረሳም። ጀርመን አገር የተማረው ወንድሜ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በዘረኞች የተደበደበበትን እንጂ ሌላውን አያስታውስም። ፊልሙን በደንብ ያየው ከሁለታችን ማነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለታችሁም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው በዚህ ፊልም አንበርብርን ከጀርመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ሲመልሰው ሁለት ስደት አንድ ላይ አስሮ ነው፤ አንዱ በባዕድ አገር፣ ሌላው በገዛ አገር ዋሻ ውስጥ። አፈሳን ያየ ሰው ዋሻው ውስጥ ይቀራል፤ በባዕድ ከተማ መንገድ ላይ የተሰደበ ሰው ደግሞ ከአንበርብር ጋር ይወድቃል። ክርክሩን ትታችሁ ወንድምሽ ለምን ያንን ብቻ እንደሚያስታውስ ጠይቂው። ከጀርመን ኑሮው ያልነገረሽ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የፊልም ተማሪ ነኝ። በሠራሁት አጭር ፊልም እናት የልጇን መርዶ ሰምታ የምታለቅስበት ትዕይንት አለ። ተዋናይዋ ከልቧ አለቀሰች፤ ዋሽንትም አስገባሁበት። ለጓደኞቼ ሳሳይ ግን ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካኩ ነበር። ምን ጎደለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዋሽንቱን አውጣው። ዋሽንት ገና ሲነፋ ተመልካቹ «አልቅስ» ተብሎ የታዘዘ ያህል ይሰማዋልና ልቡን ይዘጋል። በአገራችን ፊልሞች ላይ ይህን ሁልጊዜ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ያናድደኛል፤ ከልባቸው የተወኑ ሰዎች ፊት በሙዚቃ ይሸፈናል።

ቀጥለህ «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ሮም ላይ የሠራውን ፊልም ፈልገህ እይ። አባትየው የመተዳደሪያ ብስክሌቱ ተሰርቆበት ልጁን ይዞ ሲፈልግ ውሎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ራሱ የሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሞክሮ ይያዛል። ሕዝቡ ይጥለዋል፣ በጥፊ ይመታዋል፣ ባርኔጣው ይወድቃል። እዚህ ላይ ትንሹን ብሩኖን ልብ በለው። ያለቅሳል፤ ግን እያለቀሰ ባርኔጣውን ከመሬት ያነሣና አቧራውን ያራግፋል። የብስክሌቱ ባለቤት ልጁን አይቶ አባቱን ይለቅለታል። ከዚያ አባትና ልጅ በሕዝቡ መሐል ሲሄዱ ብሩኖ የአባቱን እጅ ይይዛል። አባትየው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አንድ የሆሊውድ ፕሮዲዩሰር በቦታው ታዋቂውን ተዋናይ ኬሪ ግራንትን ካስገባህ ገንዘብ እሰጥሃለሁ ብሎት ዴ ሲካ እንቢ ብሏል። እኔ ያንን ፊልም በሌላ ሰው ፊት ማሰብ አልችልም።

ዴ ሲካ የሚያለቅስ አባት ብቻ አላሳየንም፤ አባቱ ሲዋረድ የሚያይ ልጅ አሳየን። የተመልካቹ መቀመጫ እዚያ፣ ልጁ አጠገብ ነው። አንተ ተመልካቹን የት አስቀመጥኸው? ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ተመሳሳይ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ከሴት ጋር አጣምሮ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ ረኃብን፣ ኀዘንን፣ ፍላጎትን እንዳነበበ ይተረካል። የተዋናይዋን እንባ ብቻ አትታመን፤ ከፊቷ በፊትና በኋላ ምን እንዳስቀመጥህ ተመልከት።

እኔ በፊልም ቅንብር ሥራ ላይ ሳለሁ እንዳንተው ያለ የመርዶ ትዕይንት ገጥሞኝ ነበር። ለቅሶው ረዥም ነው፤ አንጀት ግን አይበላም። ከተጣለው ቀረጻ ውስጥ ስንፈልግ አንዲት ጎረቤት ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ ብቻ ድምፅ ሳታሰማ አንሥታ ስትወስድ አገኘን። እናትየው ልጇ ከሄደ ጀምሮ ቡና በቀዳች ቁጥር ለእርሱ አንድ ሲኒ ታስቀምጥ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ይህን ቀርጾት ሲያበቃ ፊልሙን ያረዝማል ብሎ አውጥቶታል። መለስነው። ለቅሶውን ከግማሽ በላይ ቆረጥን፤ በቦታው ጎረቤቷ ሲኒውን ስታነሣ አስገባን። በአዳራሹ ውስጥ ስልክ የሚነካ አልነበረም።

ደግሞም እስኪ አስበው፤ እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት ይረዳል? ጎረቤት ተሰባስቦ ማልዶ ይመጣል። ነጠላው ተዘቅዝቆ፣ ሁሉም ዓይኑን ሰብሮ፣ ማን ይናገር እየተባባለ። እናት ደጃፉን ከፍታ ያንን ሕዝብ ስታይ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ታውቃለች። ካሜራህን ከእርሷ ኋላ፣ ከቤት ውስጥ አቁም። በሩ ሲከፈት ፊቶቹን አሳየን። ከዚያ በኋላ ብታለቅስም ባታለቅስም ይዘኸናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የአሥርና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆቼ የሚያዩት ሁሉ ፈጣን ነገር ነው። አብረን አይተን የሚቀርላቸው አንድ ፊልም ንገሪኝ። (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ የቻርሊ ቻፕሊንን «ሲቲ ላይትስ» አሳያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ ነው። ያኔ ፊልም መናገር ጀምሮ ነበር፤ ቻፕሊን ግን ንግግር የሌለው አድርጎ ሠራው፤ ስለዚህ ከልጆችሽ ጋር የቋንቋ ጣጣ የለብሽም። ርዝመቱም አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ቻርሊ አበባ የምትሸጥ ዓይነ ስውር ይወድዳል፤ እርሷም ሀብታም ይመስላታል። የቦክስ ግጥሚያው ላይ ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ፤ ይሳቁ። መጨረሻ ላይ ዓይኗ በርቶላት ያንን የተጎሳቆለ ሰው ስታገኘው ትስቅበታለች፤ ልጆችሽም አብረዋት ሊስቁ ይችላሉ። እጁን እስክትነካው ድረስ ምንም አትንገሪያቸው፤ ፊልሙን አቁመሽም አታስረጃቸው። ትንሹ ወደ አንቺ ዞሮ «አወቀችው?» ብሎ ከጠየቀሽ አንቺም መልሰሽ ጠይቂው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።