«ይድረስ»ን ከሠርግ ፖስታ ላይ ማን አነሣው?

ጥያቄ፦ «ለሚያዝያው የወንድሜ ሠርግ የጥሪ ካርድ እያሳተምን ነው። ሙሽራዋ ያደገችው አሜሪካ ስለሆነ፣ ከከተማ ውጭና ከአገር ውጭ ያሉ ዘመዶች መምጣት አለመምጣታቸውን ጽፈው የሚልኩልን ትንሽ ፖስታ ከካርዱ ጋር እንዲገባ ፈለገች። ‹የመልስ ፖስታ› ስንላት አክስቴ ‹መልሱንም እዚያው አሜሪካ ልትደግሱት ነው?› ብላ ሣቀችብን። አታሚው ደግሞ የፖስታዋ ጥግ ላይ ‹ቴምብር የሚመታበት› ብሎ አተመ። በዋናው ፖስታ ላይስ ‹ለ› ብቻ ይበቃል ወይስ ‹ይድረስ ለ› ማለት አለብን? ‹ከነባለቤትዎ› ነው ወይስ ‹ከእነ ባለቤትዎ›?» (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከጥያቄዎችዎ መካከል የ«ይድረስ» ጉዳይ እኔን ለብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ልለውጥና ከእሱ ልነሣ።

ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያም ወደ አራት ኪሎ ሲሄዱ ካርድ አታሚዎች ለናሙና የሚያሳዩትን የሠርግ ፖስታ አገላብጠው ይዩ። በወርቅማ ቀለም «ለ» የሚል ፊደል አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ በነጠብጣብ የተሠራ መስመር ይከተላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ስሙን ቤተሰቡ በስክሪፕቶ ይሞላዋል። «ለ» መስተዋድድ ነው፤ የሚያርፍበት ግሥ ይፈልጋል። «ለአቶ እገሌ» ሲባል ምን? ተገዛ? ተሰጠ? ተላከ? ስጦታ ላይ ቢሆን ዕቃው ራሱ ግሡን ይናገራል። ጥሪ ግን የሚሰጥ ሳይሆን የሚደርስ ነገር ነው። አዲስ አበቤ ሠርግ ሳይጠራ ሲቀር ምን ብሎ ነው የሚያኮርፈው? «አልተሰጠኝም» አይልም፤ «ካርድ አልደረሰኝም» ነው የሚለው። ቅሬታው «ደረሰ» በሚለው ግሥ የሚነገር ከሆነ፣ ጥሪውም በእሱ መጻፉ ተገቢ ነው።

አንድ የሚቃወመኝ ወገን አለ። «ይድረስ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ሠርግን ቢሮ ያስመስለዋል» ይላል። ይህ ነገሩን የገለበጠ ክርክር ነው። ማንኛውንም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንሥተው ይመልከቱ። «ለ» ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጽፋል፣ ከሥሩ «አዲስ አበባ» ብሎ ያሰምርበታል፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦» ይላል። «ይድረስ» የሚባል የለበትም። ግሥ የሌለው «ለ» ከቢሮ ወጥቶ ሠርግ ቤት የገባ እንግዳ ነው። «ይድረስ» ግን እናት ለልጇ፣ ወታደር ከግንባር ለቤተሰቡ ሲጽፍ የኖረበት ቃል ነው።

የቃሉ ታሪክ ከዚህም ይርቃል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎችን ያነበበ ሰው «ይድረስ ከነጋድራስ እገሌ» የሚል አርእስት ያገኛል። የዛሬ አንባቢ ደብዳቤውን የጻፉት ነጋድራሱ ይመስሉታል። አይደለም፤ የተጻፈላቸው ናቸው። እዚያ ላይ ያለው «ከ» መነሻን ሳይሆን መድረሻን ያመለክታል። ይህ አገባብ ፈጽሞ አልሞተም፤ ዛሬም ደጅ ቆመን «እገሌ ከቤት አለ?» ስንል በቤት ውስጥ መኖሩን መጠየቃችን እንጂ ከቤት መውጣቱን አይደለም። የዚህ «ከ» ሥር የግእዙ «ኀበ» ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ኀ» ወደ «ኸ»፣ «ኸ» ወደ «ከ» ሲሄድ ይታየኛል። ሥሩ ሌላ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔን ግን አላሳመኑኝም። «ይድረስ ከ» የግእዙ «ይብጻሕ ኀበ» የአማርኛ ልጅ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነውና በቀላሉ አልለቀውም። የሆነ ሆኖ ሁለቱ «ከ»ዎች በአንድ ፖስታ ላይ ሲገናኙ ላኪና ተቀባይ ስለሚደበላለቁ፣ «ይድረስ ለ» ቦታውን ወሰደ። መውሰዱም ትክክል ነበር።

«አድራሻ» የሚለው ቃልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ «አደረሰ» ከሚለው ይወጣል። «ደራሲ» እና «ድርሰት» ግን መልካቸው ቢመሳሰልም ዘመዶቹ አይመስሉኝም። እነሱ የመጡት ከግእዙ «ደረሰ» ሲሆን፣ ያ ደግሞ በዕብራይስጥ መመርመርን፣ በዐረብኛ መማርን ከሚያመለክት ሥር ጋር ይዛመዳል።

ታዲያ «ለ» ብቻ ብሎ ያሳተመ ተሳስቷል? ተሳስቷል ልል አልችልም። ልማዱ ወደዚያ ሄዷል፤ «ለ»ን አይቶ ካርዱ የማን እንደሆነ የሚጠፋው አንባቢም የለም። እርስዎ ግን ገና እያሳተሙ ስለሆነ፣ አራት ፊደል ጨምሩበት ብዬ እማጸንዎታለሁ።

«ከነባለቤትዎ»ን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ገጥሞ መጻፉ ይሻላል። ከ«ከ» እና ከ«እነ» የተሠራ ቢሆንም አሁን አንድ ቃል ሆኗል፤ «ከነጫማው ገባ»፣ «ከነነፍሱ ተቀበረ» እንላለን። «ባለቤት አንድ ስለሆነች ‹እነ› የሚለው የብዙ ቁጥር አይገባትም» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ከጫማው ጋር የሚቆጠር ብዙ ቁጥር ከሌለ ከባለቤትም ጋር የለም። «ከነ» ትርጉሙ «አብሮ፣ ጭምር» ነው።

ከአጻጻፉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ፖስታ የሚስትን ስም ይሠውራል። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የራሷንና የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። ስለዚህ ውጭ ላሉት ዘመዶች «ለአቶና ለወይዘሮ እገሌ» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ያ የባሕር ማዶ ልማድ ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ወይዘሮዋን የባሏ እኅት ያስመስላታል። «ይድረስ ለወይዘሮ እገሊት እና ለአቶ እገሌ» ብሎ ሁለቱንም በየስማቸው መጥራት የቀለምም የቦታም ችግር አያመጣም። ስሟን ካላወቁ «ከነባለቤትዎ» ይበሉ። ቤተሰቡን በሙሉ የጠሩ እንደሆነ «ከነቤተሰብዎ» ይበሉና ለልጆቹም ወንበር ያስቡ፤ ቃሉ እነሱንም ጠርቷልና። «ክቡር» እና «ክብርት» ማዕርግ ላለው ሰው ቢቆዩ እመርጣለሁ፤ በሁሉም ፖስታ ላይ ከታተሙ የሚያከብሩት ሰው አይኖርም።

አሁን ወደ አክስትዎ ልሂድ፤ እሳቸው ትክክል ናቸው። በሠርግ ቋንቋ «መልስ» የተያዘ ቃል ነው። ከሠርጉ በኋላ የሙሽራዋ ወላጆች ሙሽሮቹን ወደ ቤታቸው ጠርተው የሚደግሱት፣ ሙሽሮቹ ካባ ደርበው የሚቀመጡበት ድግስ ነው መልስ። ከቅልቅልም ይለያል። አታሚ ቤት ገብቶ «የመልስ ካርድ ስጡኝ» ያለ ሰው የዚያን ድግስ ጥሪ ይሰጡታል። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለችው የአጎትዎ ልጅ «የመልስ ፖስታ» የሚል ስታይ ለሁለት ድግስ የተጠራች ቢመስላት አይፈረድባትም። ቃሉ ሙሽሮቹ ተመልሰው መምጣታቸውን ይናገራል፤ ጥያቄና መልስ ውስጥ ያለውም «መልስ» ከዚያው ከ«መለሰ» የወጣ ነው፣ ነገር ወደ ጠያቂው ሲመለስ። በግእዝ እነዚህ ሁለት አሳቦች በተለያየ ቃል ይነገሩ ነበር፤ መመለስ «ሚጠት»፣ ለቃል የሚሰጥ መልስ «ተሰጥዎ» ነው፤ ይህንን ሁለተኛውን ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሁሉ ያውቀዋል። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ግሥ ስላሸከመ ነው እናንተ ፖስታ ላይ የተቸገራችሁት።

ይኸው ግሥ ሌላ ወጥመድም አለው። ፈረንጆች በጥሪ ካርዳቸው ግርጌ «አር ኤስ ቪ ፒ» ይላሉ፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ የአራት ቃላት ምሕጻር ነው። በቁሙ «እባክዎ ይመልሱ» ብሎ የተረጎመ ካርድ አይቻለሁ። «ይመልሱ» ሲባል ምኑን? ካርዱን? የተዋሱትን ዕቃ? አማርኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚረዳው መመለስን እንጂ መልስ መስጠትን አይደለም።

እኔ ስሙን ትቼ ግሡን እጽፋለሁ። በትንሿ ካርድ ላይ «መምጣትዎን ያሳውቁን» ይበሉ፤ ከሥሩ በሁለት መስመር «በሠርጉ ላይ እገኛለሁ» እና «መገኘት አልቻልኩም፤ ጋብቻቸውን እግዚአብሔር ይባርክ» የሚሉ ይኑሩ፤ እንግዳው አንዱን ምልክት ያደርግበታል። በአማርኛ ምርቃት የሌለው «አልመጣም» ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ያንን ግማሽ ዐረፍተ ነገር አይቁረጡት። የግድ የፖስታዋ ስም ይጠራ ከተባለ «የምላሽ ፖስታ» ነው የሚቀረው። «ምላሽ»ን አልወደውም። የዜና አንባቢና የጽሕፈት ቤት ቃል ሆኖ «መልስ» ያለ ችግር በሚያገለግልበት ቦታ ሁሉ እየገባ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን ከድግሱ ይለያልና ሥራውን ይሠራል፤ አልከለክልዎትም።

ወደ ቴምብሩ እንምጣ። ቴምብር ይለጠፋል፤ አይመታም። የሚመታው ማኅተም ነው፤ ፖስታ ቤት ቴምብሩ ዳግመኛ እንዳይሠራ በላዩ ላይ የሚያሳርፈው የቀን ማኅተም ማለት ነው። («ማኅተም» በብዙኃኑ «ኀ» ነው፤ ከ«ኀተመ»።) አታሚዎ ሁለቱን ሥራዎች አንድ አድርጎ ጽፏልና «ቴምብር የሚለጠፍበት» ብሎ ያስተካክልልዎ። «ቴምብር» ከፈረንሳይኛው «ታምብር» የመጣ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛው ደግሞ በግሪክ ከበሮ ከሚባለው «ቲምፓኖን» ይወርዳል፤ ከከበሮ ወደ ደወል፣ ከደወል ወደ ምልክት፣ ከምልክት ወደ ማኅተም እየተሻገረ ነው እዚህ የደረሰው። በሥሩ ከበሮ ስለሆነ «መታ» ያስኬደዋል የሚል ቢነሣ ግን አልቀበለውም። ቃሉ በፈረንሳይኛ ወደ አገራችን መግባቱ በአጋጣሚ አይደለም፤ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች የታተሙት ፓሪስ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሡ መልክ፣ በሌሎቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። «ፖስታ» በአንጻሩ የጣልያን መልክ አለው፤ በላቲን «የተቀመጠ» ማለት ሲሆን መነሻው በየመንገዱ የሚቀመጡት የመልእክተኛ ፈረሶች ጣቢያ ነው። እኛ አገልግሎቱንም ደብዳቤውንም የሚገባበትንም በዚህ በአንዱ ቃል እንጠራለን። «ኤንቬሎፕ» ለምን እንደሚያስፈልገን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

አጻጻፉን በቅርብ እንየው። በትንሿ ፖስታ መካከል «ይድረስ ለሙሽራው ቤተሰብ» ብለው የአባወራውን ስም ያስከትሉ፤ ከሥሩ «ፖ.ሣ.ቁ.» እና ቁጥሩ፣ ከዚያ «አዲስ አበባ»። የቤት ቁጥርና ወረዳ ብቻ ጽፈው አይተዉት፤ በእኛ አገር ደብዳቤ በተለምዶ የሚገባው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥን ከሌላችሁ የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ሣጥን አስፈቅዱ። በመጨረሻው መስመር «አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ» የሚለው በላቲን ፊደል ይደገም፤ ፖስታዋን ባሕር ማዶ የሚለየው ሠራተኛ የእኛን ፊደል አያነብም። የቴምብሩ ቦታ በስተቀኝ ላይኛው ጥግ ነው።

ሙሽራዋ በለመደችበት አገር ጠሪው በትንሿ ፖስታ ላይ አስቀድሞ ቴምብር ለጥፎ ይልካል፤ እንግዳው እንዳይወጣበት ነው፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ቴምብር የሚሠራው ፖስታው በሚነሣበት አገር ነው። የኢትዮጵያን ቴምብር ለጥፈው ቢልኩላቸው የአሜሪካ ፖስታ ቤት አይቀበለውም። ለዚህ ሲባል የዓለም ፖስታ ኅብረት በ1906 እ.ኤ.አ. በሮም ጉባኤው፣ ተቀባዩ በአገሩ ቴምብር የሚለውጠውን የመልስ ኩፖን ደንግጎ ነበር፤ ኢትዮጵያም ኅብረቱን የተቀላቀለችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ለአንድ ሠርግ ግን ኩፖን ፍለጋ መዞር አያስፈልግም፤ ውጭ ላሉት የቴምብሩን ቦታ ባዶውን ይተዉት፣ እነሱ የአገራቸውን ይለጥፋሉ። ጎንደር፣ ደሴና ሐዋሳ ላሉት ዘመዶች ግን ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ቴምብር ገዝተው፣ በትንሿ ፖስታ ላይ ለጥፈው ይላኩላቸው።