መኪና የሚያዞርሽ ከሆነ ለሰመመን ባለሙያው ሳትነግሪ እንዳትገቢ

እህቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን እንዳለሽና በሙሉ ሰመመን ስለሆነ ማስመለሱን እንደፈራሽ ጽፈሻል። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ። መጀመሪያ እንዳንቺው ለሐሞት፣ ከዚያ ለማዮማ (የማህፀን ዕጢ)። በመጀመሪያው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ አደረ። በሁለተኛው አንድ ጊዜም አላስመለሰኝ።

1. ቀድመሽ ተናገሪ። ለቀዶ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ሰመመን ለሚሰጥሽ ሰው። እኔ የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ባለሙያው ቅጽ ይዞ መጣ። "አለርጂ አለብሽ? የሚነቃነቅ ጥርስስ? ሌላ ችግር?" አለኝ። "ምንም የለብኝም" አልኩት። እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ፌስታል ሳልይዝ መኪና የማልሳፈር ሰው ነኝ! ይሄ ከሐሞት ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ዋናው ጉዳይ እሱ ኖሯል።

ባለሙያዎቹ አራት ነገር ይቆጥራሉ። ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ መኪና የሚያዞርሽ ወይም ከዚህ በፊት ከሰመመን በኋላ ያስመለሰሽ መሆን፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ መውሰድ። አንዱም የሌለበት ሰው የማስመለስ ወይም የማቅለሽለሽ ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው። አራቱም ያሉበት 80 በመቶ ገደማ። እኔ አራቱንም አሟልቼ ነው "ምንም የለብኝም" ያልኩት።

ስነቃ ጣሪያው ይዞራል። ሆዴ ላይ አራት ቦታ ተበስቶ ተሰፍቷል። ባስመለሰኝ ቁጥር ስፌቱ የሚተረተር ነው የሚመስለኝ። ተረኛዋን ነርስ ስጠራት "የሰመመን ጠባዩ ነው፣ ቻይው" ብላኝ ሄደች። እናቴ ለመነቻት። ማስመለሱን የሚያቆመው መርፌ የመጣው ሊነጋ ሲል ነው። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ማስመለሱ አይደለም፣ ያ "ቻይው" የሚለው ቃል ነው። መድኃኒት ያለው ነገር ለምን ይቻላል?

2. ምን እንደሚሰጡሽ ጠይቂ። ለማዮማው ስገባ የሰመመን ባለሙያዋን ራሴ አስጠራኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝና በሚተነፈስ የሰመመን ጋዝ ፈንታ በደም ስር በሚሰጥ ፕሮፖፎል እንደምታስተኛኝ ነገረችኝ፤ ጋዙ ራሱ ያስመልሳል። ማስመለስ የሚከላከሉ ሁለት መድኃኒቶችም ጨመረችልኝ፦ እንቅልፍ ሲወስደኝ ዴክሳሜታዞን፣ ኦፕራሲዮኑ ሊያልቅ ሲል 4 ሚሊግራም ኦንዳንሴትሮን። ለሕመሙም ቁስሉን በማደንዘዣ ወግተው፣ ፓራሲታሞል ሰጥተው፣ ሞርፊኑን ቀነሱት። አንድ መድኃኒት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው አይበቃም። ስኳር ካለብሽ ግን ንገሪያቸው፣ ዴክሳሜታዞን ስኳር ከፍ ያደርጋል። የልብ ምት ችግር ካለብሽም ንገሪያቸው፣ ኦንዳንሴትሮን የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

3. ከሚገባው በላይ አትጹሚ። እኔ በመጀመሪያው "ከሌሊት ጀምሮ ውሃም እንዳትቀምሺ" ተብዬ ወረፋዬ የደረሰው ከሰዓት ነው። ደርቄ ነው የገባሁት። በተለመደው መመሪያ ቀለል ያለ ምግብ ሰመመኑ ሊሰጥ 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ቅባት የበዛበት 8 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ንጹህ ውሃ ግን ሰመመኑ ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። አንቺን የሚመለከተውን እነሱ ይወስኑ፤ ግን "ውሃስ እስከ ስንት ሰዓት?" ብለሽ ጠይቂ። ማንም ቀድሞ አይነግርሽም።

4. ከነቃሽ በኋላ በድንገት ቀና አትበይ፣ ለመጠጣትም አትቸኩዪ። ሁለተኛው ላይ አንዴ ማቅለሽለሽ ብቅ ሲልብኝ አንዷ ሲስተር መርፌ ከመውጋታቸው በፊት ቆዳ የሚጠርጉበትን አልኮል ያለበት ጨርቅ ቀደደችና አፍንጫዬ ስር ያዘችልኝ። "በረጅሙ ሳቢ" አለችኝ። ሦስቴ ሳብኩ፣ ለቀቀኝ። ካልለቀቀሽ መድኃኒት ጠይቂ። ኦንዳንሴትሮን ከተሰጠሽ 6 ሰዓት ካልሞላው ያንኑ መድገም ብዙም አይጠቅምም፣ ሌላ ዓይነት እንዲሰጡሽ ንገሪያቸው። ሲያስመልስሽ ደግሞ ትራስ ስፌቱ ላይ ጫን አድርገሽ ያዢ።

የሚያስታምምሽ ሰውም ይሄን ይወቅ፣ አንቺ ያን ሰዓት መናገር አትችይም። እኔ ለሁለተኛው "መኪና ያዞረኛል፣ ባለፈው ሌሊቱን ሙሉ አስመልሶኛል" ብዬ በወረቀት ጽፌ ለእናቴ ሰጠኋት። ካርዴ ላይ አያይዛልኝ ነው የገባሁት።